መሽቶበት ያደረ፦ የምዕራብ ጎጃም መንገድ ዳር አልጋ ታሪክ

ኢየሱሳዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በሚያዝያ 1610 ዓ.ም ዛሬ ሰከላ በሚባለው ወረዳ የግሽ አባይን ምንጭ ሲያይ የማደሪያ ችግር አልነበረበትም። የመጣው ከዐፄ ሱስንዮስ ሰፈር ጋር ነው። ያኔ የንጉሥ ከተማ ድንኳን ነበር፤ ስንቁም ከአገሬው ይሰበሰባል። ከዚያ በኋላ ሦስት መቶ ዓመት ያህል በዳሞትና በአገው ምድር ያለፈ ሰው ሁሉ ከሦስት በአንዱ መንገድ አደረ፤ የራሱን ድንኳን ተክሎ፣ የሹም ትእዛዝ ይዞ በሰው ቤት ተመርቶ፣ ወይም የእግዜር እንግዳ ነኝ ብሎ። ገንዘብ ከፍሎ መተኛት የሚባል ነገር አልነበረም።

ብዙው ሰው የሚያድረው በሦስተኛው መንገድ ነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ መንገደኛው ጭስ ወዳየበት መንደር ይጠጋና ከአጥር ውጭ ቆሞ ይጣራል። «ቤቶች! ውሻ ያዙ!» ባለቤቱ ብቅ ሲል «መሸብኝ፤ የእግዜር እንግዳ አሳድሩኝ» ይላል። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ከተባለ ጣጣው አለቀ። ውሃ ይሞቅለታል፣ እግሩን ይታጠባል፣ ከቤት የተገኘው ይቀርብለታል፤ መደቡ ላይ ቁርበት ወይም አጎዛ ይነጠፍለታል። በዚያው ጣሪያ ሥር በሬዎቹ ከጋጣቸው ሲያመሰኩ እየሰማ ይተኛል። ሒሳብ መጠየቅ ለባለቤቱ ነውር ነበር፤ ልክፈል ማለትም ለእንግዳው እንዲሁ። እንግዳው የሚከፍለው በወሬ ነው፦ አሞሌው ስንት ገባ፣ ማን ተሾመ፣ ማን ተሻረ፣ የትኛው ወንዝ ሞላ።

ልማዱን ከሚገባው በላይ ማሳመር ግን አያስፈልግም። የመሸበት ደሃና ዘማች ወታደር እኩል አይታዩም። ወታደር ሲያልፍ አባወራው ከብቱን ይዞ ጫካ መግባት ይመርጥ ነበር፤ ምሪት የተሰጠው ዘማች ጎተራውን ሳያራግፍ፣ ዶሮውን ሳይጨርስ አይነሳምና። የቤተ መንግሥት እንግዳም ቢሆን ለገበሬው ቀላል አልነበረም። «ዱርጎ» ይታዘዝለታል፤ እንጀራው፣ ማሩ፣ በጉ፣ ለበቅሎው የሚሆን ገብስ ሳይቀር ከየቤቱ ይዋጣል። ያለ ሒሳብ የሚታደርበት አገር ሒሳቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ገበሬው ያውቀዋል።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በጥቅምት መጨረሻ 1763 ዓ.ም ግሽ ሲደርስ ጥሩ ማደሪያ ያገኘው በዚሁ ሥርዓት ነው። ግሽ አስቀድሞ በጉልትነት ተሰጥቶት ስለነበር በማዕረግ ደረጃ የመንደሩ ጌታ እርሱ ሆኖ መጣ። የምንጩ ጠባቂ ክፍለ አባይ የተባሉ ሽማግሌ ቤታቸውን ለቀቁለት። ብሩስ እንደጻፈው ሽማግሌው የ84 ወይም የ85 ልጆች አባት ነበሩ፤ ያ ሁሉ ቤተሰብ በዚያ ሰሞን የት የት እንዳደረ አንባቢ ይገምተው።

መንገዱን ከሁሉም አብዝቶ የሚመላለሰው ሲራራ ነጋዴው ነበር። ቡናው፣ ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱና ለባርነት የሚነዳው ሰው ከእናርያና ከጉዱሩ አባይን ተሻግሮ ባሶ ገበያ ይወጣል፤ በ1830ዎቹ የጁቤ የተቀመጠው እንግሊዛዊ ቻርልስ ቢክ ገበያውን አይቶ ጽፎለታል። ነጋዴ ጭነት ስላለው መንደር ውስጥ አያድርም። በቅሎና አህያውን አራግፎ፣ ጭነቱን ዙሪያውን እንደ አጥር ክቦ፣ መሐል ላይ እሳት አንድዶ በየተራ እየጠበቀ ነው የሚያነጋው። ኬላ ላይ ቀረጥ እስኪከፍል ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ። ጭነት የያዘ በቅሎ በቀን ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው፤ በዚህ ልክ ከቡሬ እስከ ዛሬው ፍኖተ ሰላም ያለው መንገድ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ይህን ልክ ልብ ማለት ይጠቅማል። በዚህ አገር አልጋ የት እንደሚበቅል የሚወስነው የአንድ ቀን መንገድ ርዝመት ነውና።

ገንዘብ ከፍሎ ማደር አዲስ አበባ ላይ በ1900 ዓ.ም አካባቢ በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ተጀመረ። ሰው ለምግብ መክፈል ስላፈረ ሆቴሉ መጀመሪያ ላይ ገበያ አጥቶ እንደነበርና ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ሄደው፣ በልተውና ከፍለው እንዳሳዩ ይነገራል። ታሪኩ በየአፉ ሲዞር ተጨማምሮበት ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ ያለው እፍረት ግን እውነተኛ ነው። እግዜር ነጻ የሰጠውን ጣሪያ መቸርቸር ለጎጃም ገበሬ ገና ብዙ ዓመት የሚጎረብጥ ነገር ነበር።

በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም አሜሪካ ውስጥ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሉዊስ ኦቢስፖ በተባለች ከተማ አርተር ሃይንማን የተባለ አርክቴክት አንድ አዲስ ዓይነት ማደሪያ ከፈተ። መኪናህን ከክፍልህ በር ሥር ታቆማለህ፤ አድረህ ስትነቃ ሞተር አስነስተህ ትሄዳለህ። ሰውየው ሞቴል የሚለውን ስም ያወጣው ያኔ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ሎስ አንጀለስና ሳን ፍራንሲስኮ በዚያ ዘመን መኪና ፍጥነት በአንድ ቀን አይዳረሱም፣ መሐል ላይ አልጋ ያስፈልጋል።

በዚያን ጊዜ ጎጃምን የሚገዙት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር አውሮፓን አይተው ተመልሰዋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ያሠማሩ መስፍን ናቸው። ግዛታቸውን ከዋና ከተማው የሚያገናኝ የመኪና መንገድ ግን አልነበረም። ዳንግላ ላይ የተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስላ ሜጀር ሮበርት ቺዝማን እስከ 1926 ዓ.ም ድረስ የአባይን ሸለቆ ሲያጠና የተጓዘው በበቅሎ ነው። ድንኳን ይተክላል፣ ያስነቅላል፣ ይጭናል። ከፓኤዝ እስከ ቺዝማን ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አልፎ በዚህ መንገድ የማደሪያው ዓይነት አልተለወጠም ማለት ነው።

የለወጠው ጦርነት ነው።

ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ይዘውት የመጡት የመኪና ጭነት ነበርና መንገድ መጥረግ ግድ ሆነባቸው። ከባሕር ዳር በዳንግላ፣ በቡሬና በደምበጫ አድርጎ ደብረ ማርቆስ የሚደርስ መንገድ ወጣ፤ በመንገዱ ላይም ምሽግ ተደረደረ። አርበኛው ባላገሩን ስለያዘው የጣሊያን ሥልጣን ከምሽጉ አጥር ብዙ አይርቅም። ከአርበኞቹ መሪዎች ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ነበሩ፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸውም አይስማሙም ነበር። ጣሊያን በትልልቆቹ ከተሞች ለሲቪሉ ሹመኛ ሆቴል ሲያስከፍት ቡሬና ማንኩሳ የደረሳቸው ድንጋይ ካብና የሽቦ አጥር ነው።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ከሱዳን ገቡ። እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት የሚመራው ጌድዮን ጦር በ15 ሺህ ያህል ግመል ጓዙን ጭኖ ነበር፤ ግመሎቹ በደጋው ብርድና በዳገቱ ሁሉም ለማለት ይቻላል አለቁ። ወታደሩ ሜዳ ላይ እያደረ፣ ሌሊት ሌሊት እየተኮሰ ምሽጎቹን አስጨነቀ። የካቲት 25 ቀን ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወጣ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በመጋቢት ቡሬ ሰንብተው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረው ቦታ ፍኖተ ሰላም የተባለው ከዚሁ ጉዞ ጋር ተያይዞ እንደሆነ ይነገራል።

ጣሊያን ሲሄድ ሦስት ነገር ትቶ ሄደ፤ መንገዱን፣ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለውን የጭነት መኪና፣ መኪናውን መንዳትና መፍታት የለመዱ ሰዎችን። ሾፌር የሚባል አዲስ ዓይነት መንገደኛ ተፈጠረ። ሾፌር እንደ ሲራራ ነጋዴ ሜዳ ላይ አያድርም፣ የእግዜር እንግዳ ነኝም አይልም፤ ኪሱ ውስጥ ገንዘብ አለ፤ ትኩስ ነገር፣ መጠጥና ጨዋታ ይፈልጋል። እርሱን የተቀበሉት ሴቶች ነበሩ። ከባል የተፋታች፣ ከአባቷ መሬት ድርሻ ያጣች የባላገር ሴት መንገድ ዳር ትወጣና ጠላ ትጠምቃለች፣ ጠጅ ትጥላለች፣ አረቄ ታወጣለች። ማሩም ጌሾውም ከአካባቢው ነው። እየቆየች ከጠጅ ቤቷ ኋላ ሁለት ክፍል ታስመርጋለች። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ የአልጋ ንግድ የተጀመረው በዚህ ዓይነት፣ አንድ ክፍል በአንድ ክረምት እየተጨመረ ነው። እንግዳው «እትዬ» እያለ ይጠራታል፤ ከኋላዋ «ኮማሪት» ይላታል።

በመስከረም 1943 ዓ.ም ዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ 5 ሚሊዮን ዶላር የመንገድ ብድር ሰጠ፤ ባንኩ በአፍሪካ ካበደራቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። የጎጃም መንገድ ጠጠር ለበሰ፤ ድልድይና ቦይ ተሠራለት፤ አውቶቡስም መጣ። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር 565 ኪሎ ሜትር ነው፤ ፍኖተ ሰላም 387ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ትገኛለች። በጠጠር መንገድ፣ በተለይ ከጎሐ ጽዮን ደጀን ያለውን የአባይ በረሃ ወርዶ መውጣት ግማሽ ቀን እየበላ፣ ይህ የሁለት ቀን መንገድ ነበር። አውቶቡሱ ሌሊት ስለማይሄድ ሰው መሐል ላይ ያድራል፤ ወይ ደብረ ማርቆስ፣ ወይ ትንሽ ከገፋ ፍኖተ ሰላም። ከጎንደርና ከባሕር ዳር የሚመጣውም እንዲሁ፣ ብልሽት ካጋጠመው ቡሬ ይቀራል።

ሃይንማን በካሊፎርኒያ ያሰላትን ስሌት እዚህ ያሰላው ማንም የለም፤ ውጤቷ ግን ያው ሆነች።

የእነዚያ ቡና ቤቶች ግቢ አንድ መልክ ነበረው፤ አሮጌዎቹ ዛሬም አልተለወጡም። ከፊት መንገዱን የሚያይ፣ ባንኮኒ ያለው ሳሎን። ከጎን መኪና የሚያስገባ የቆርቆሮ በር። ከኋላ በረድፍ የተሠሩ፣ በጭቃ ተመርገው ኖራ የተቀቡ ክፍሎች፤ በራቸው ላይ በዘይት ቀለም 1፣ 2፣ 3 ተብሎ ተጽፏል። ክፍሉ ውስጥ መሐሉ የጎደጎደ የሽቦ አልጋ፣ ከፍራሹ ይልቅ የሚከብድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ሦስት ምስማር ለልብስ፣ ከአልጋው ሥር ፖፖ አለ። መጸዳጃው ከግቢው ጥግ ነው፤ ሌሊት ውሻው ከተፈታ ወደዚያ መሄድ ስለማይቻል ፖፖው ጌጥ አይደለም። መብራቱ ፋኖስ፣ በኋላ እስከ አራት ሰዓት ብቻ የሚሠራ ጄኔሬተር። አልጋ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው አንሶላውን ገልጦ ማየት ነው። ትኋን የልምድ ጉዳይ ነበር፤ ቁንጫ የወቅት ጉዳይ። ብልህ ባለቤት ማታ ከመሆኑ በፊት ክፍሎቹን ፍሊት ታስነፋለች፣ እንግዳውም ከፍሊቱ ሽታ የተነሳ ቤቱ ንጹሕ ነው ብሎ ያምናል።

አንድ ደብተር ከባንኮኒው ሥር አይጠፋም። ስም፣ የመጣበት፣ የሚሄድበት፣ የመታወቂያ ቁጥር ይጻፍበታል፤ ፖሊስ ሲመጣ ይታያል። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ የአውቶቡሱ ረዳት በየበሩ እየዞረ ይደበድባል። «ተነሱ! ልንሄድ ነው!» ገና ሳይነጋ የግቢው ቧንቧ ወይም በርሜል ዙሪያ ሰው ይሰለፋል፤ ሻይና ዳቦ ይበላል፤ መንገዱ ይቀጥላል።

በ1951 ዓ.ም የደረሰው የወባ ወረርሽኝም በዚህ ግቢ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው። ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር ያጠቃው ያ ወረርሽኝ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር አካባቢ ናት። ከዚያ በኋላ የተቋቋመው የወባ ማጥፊያ ድርጅት ሠራተኞች ዲዲቲ በጀርባቸው አዝለው በየቤቱ ግድግዳ ረጩ፤ አጎበር በክፍል ውስጥ መሰቀል የመጣው ግን ብዙ ቆይቶ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የመንግሥት ዓይን ሌላ ቦታ ነበር። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የመሩት የቱሪዝም ድርጅት በ1950ዎቹ «የ13 ወር ጸጋ» ብሎ አገሪቱን ሲያስተዋውቅ ፈረንጁ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም ይሄድ የነበረው በአውሮፕላን ነው። ጣና ሆቴልና ጎሃ ሆቴል የተሠሩት ለዚያ እንግዳ ነው። ምዕራብ ጎጃም ከደመናው በታች ቀረች። ምናልባት ይህ በጅቷታል፤ የፈረንጅ ዋጋ ያልለመደ ቤት ለአስተማሪ፣ ለነርስና ለጤፍ ነጋዴ ዋጋው ይቀመሳል።

ርካሽነቱ ከየት እንደመጣ ግን በግልጽ መናገር ይገባል። ክፍሉ ብቻውን አያተርፍም፤ የሚያተርፈው መጠጡ ነው። መጠጡን የሚያሸጡት ደግሞ ደመወዝ የሌላቸው ወይም እጅግ ትንሽ የሚከፈላቸው ወጣት አሳላፊ ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ የሚኖሩት በዚያው ግቢ፣ ከእንግዳው በሚያገኙት ነው። ከገጠር ከባልም ከረሀብም ሸሽተው የመጡ ልጆች ነበሩ። የመንገደኛው አልጋ ርካሽ የሆነው ከፊሉን ዋጋ እነርሱ ስለከፈሉለት ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ ሁለተኛ ቤት አከራይተው ይኖሩ የነበሩ ሁሉ በአንድ ቀን የኪራይ ገቢያቸውን አጡ። ትልልቆቹ ሆቴሎች በመንግሥት ድርጅቶች ሥር ገቡ፤ ጣናና ጎሃ በግዮን ሆቴሎች ተጠቃለሉ። የመንገድ ዳሩ ቡና ቤት ግን ለመንግሥት የማይመጥን ትንሽ ነገር ስለሆነ ከባለቤቷ ጋር ቆየ፤ ጎርፍ ትልቁን ዛፍ ሲነቅል ሣሩ ተኝቶ እንደሚያሳልፈው። የተለወጠው ደብተሩ ነው። መንገደኛ ከቀበሌው የይለፍ ወረቀት ካልያዘ አልጋ አያገኝም፤ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ አውቶቡሱ ቀድሞ ይገባል፣ ባንኮኒውም ቀድሞ ይዘጋል። ደንበኛውም ተለወጠ፤ ካድሬ፣ ዘማች፣ ከብር ሸለቆ እርሻ የመጣ የትራክተር መካኒክ።

በየካቲት 1983 ዓ.ም የኢሕአዴግ ጦር ጎጃምን ሲይዝ በዚሁ መንገድ የሸሸው ወታደር ስንቅም ትጥቅም እየጣለ አለፈ። ከዚያ በኋላ የይለፍ ወረቀቱ ቀረ። የመንገድ ዳር አልጋ ምናልባት ምርጡን ዘመን ያየው ቀጥሎ በነበሩት አሥር ዓመታት ነው፤ ሰው በነጻነት ይነግዳል፣ መንገዱ ግን ገና ጠጠር ነው። በርበሬ ሲደርስ የቡሬና የጃቢ ጠህናን ገበያ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ነጋዴ ይሞላል፤ ጆንያው ከሚያሳስለው ግቢ ውስጥ ሆኖ ዋጋ ሲከራከር ያድራል። አልጋ ከ10 እስከ 20 ብር ይገኝ ነበር። «ሞልቷል» የሚለው ቃል የገበያ ቀን ማታ በየበሩ ይሰማል፤ ያጣ ሰው ሳሎን ውስጥ አግዳሚ ላይ ያድራል።

ሌላም እንግዳ መጥቶ ነበር። ኤች አይ ቪ የተስፋፋው ሾፌርና ተጓዥ በሚያድሩበት መስመር በመሆኑ በ1990ዎቹ የጤና ትምህርቱ መንገድ ዳር ቡና ቤቶች ላይ አተኮረ። የአሳላፊ ሴቶች መሞት መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ በኋላ በግልጽ ይወራ ጀመር። በየክፍሉ ኮመዲኖ ላይ ከአንዲት ትንሽ ሳሙናና ከአልጋው ሥር ካለው ነጠላ ጫማ ጋር «ሕይወት ትረስት» የሚል ኮንዶም ይቀመጥ የጀመረው በዚያን ጊዜ ነው። ብዙ ቤት አሁን ድረስ ሦስቱን አብሮ ያቀርባል።

ቡና ቤቶቹን ሊያጠፋ የተቃረበው ግን በሽታው አልነበረም፤ አስፋልቱ ነው። በ1989 ዓ.ም በተጀመረው የመንገድ ልማት ፕሮግራም የአዲስ አበባ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር መስመር በየክፍሉ አስፋልት ለበሰ። በጃፓን ዕርዳታ የአባይ በረሃው መንገድ ታደሰ፤ 303 ሜትር ርዝመት ያለው ህዳሴ ድልድይ ጳጉሜ 5 ቀን 2000 ዓ.ም፣ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ፣ ተመረቀ። ሰላም ባስ፣ ተከትሎም ስካይ ባስ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ከአዲስ አበባ ተነስተው ሳይመሽ ባሕር ዳር መግባት ጀመሩ። የአንድ ቀን መንገድ ርዝመት ከ300 ወደ 565 ኪሎ ሜትር አደገ። ለአሥርት ዓመታት መንገደኛ ያሳደረው አውቶቡስ ፍኖተ ሰላም ላይ ከዚያ ወዲህ የሚቆመው ለሻይና ለሽንት ሆነ።

ቤቶቹ ተለወጡ እንጂ አልተዘጉም። የጭቃው ረድፍ ፈርሶ ብሎኬት ተነሳ፣ ከዚያ ሁለትና ሦስት ፎቅ፣ ሴራሚክ፣ ባለ ሻወር ክፍል። ከስሙም «ቡና ቤት» ወጥቶ «ፔንሲዮን» ገባ፤ ፔንሲዮን መጠጥ አይሸጥም፣ ባለቤቱም ደጋግሞ ይህን ይናገራል። የሻወሩ ውሃ በአብዛኛው ጠዋት ይጠፋል፤ ለዚህ ሲባል እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ጀሪካንና ኩባያ አለ። አዲሱ ደንበኛ አበል ያለው ሰው ነው። ፍኖተ ሰላም የዞን ከተማ ስለሆነች ሥልጠና፣ ግምገማና ስብሰባ አይጠፋባትም፤ የወረዳ ባለሙያ ሦስት ቀን ያድራል፣ ደረሰኝ ይጠይቃል፣ ደረሰኙ ላይ የሚጻፈውን ቁጥር በተመለከተ ከባለቤቱ ጋር በዝግታ ይነጋገራል።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም ጉባ ላይ የታላቁ ህዳሴ ግድብ መሠረት ሲጣል ከአዲስ አበባ ወደ ግድቡ ከሚያስኬዱት መስመሮች አንዱ ይኸው ሆነ፤ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አልፎ ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ ይታጠፋል። ሲሚንቶና ብረት የጫነ ከባድ መኪና እንደ ስካይ ባስ አይሮጥም። አባይ በረሃን በአንደኛ ማርሽ ወጥቶ ፍሬኑ ሲቀዘቅዝ መሽቷል። የአንድ ቀን መንገድ ለእርሱ አሁንም አጭር ነው፤ ስለዚህ ሰፊ ግቢ ያላቸው ቤቶች ፎቅ ካሠሩት ይልቅ ገበያ አገኙ። ቡሬም ተጠቀመች፤ ከነቀምቴ የሚመጣው መንገድ የሚጋጠመው እዚያ ነው። በ2013 ዓ.ም የፌቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ቡሬ ላይ ተመረቀ፣ የተቀናጀው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም በዚያው ዓመት ሥራ ጀመረ። መሐንዲስ፣ የማሽን ገጣሚ፣ የአኩሪ አተርና የሰሊጥ አቅራቢ አልጋ መፈለግ ያዘ።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በተቀሰቀሰው ውጊያ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ባሕር ዳርንና ጎንደርን ጨምሮ በከተሞች ላይ ሰዓት እላፊ ተጣለ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም መሐል ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ወኪሎች ተናገሩ። መንገዱ ሳምንታት ሙሉ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ተዘጋ። በአንድ ቀን ባሕር ዳር መግባት የለመደ ተሳፋሪ ደብረ ማርቆስ ወይም ቡሬ ላይ ሁለትና ሦስት ቀን መጠበቅን እንደ አያቶቹ ተማረ፤ አቅሙ የፈቀደለት አውሮፕላን ያዘ። አዋጁ በ2016 ዓ.ም መጨረሻ አካባቢ ጊዜው አብቅቶ ቀረ፤ የመንገዱ ሥጋት ግን አብሮት አልቀረም። መኪና ያለው ሰው ከማለፉ በፊት ስልክ እየደወለ፣ ፊት ከሄደው ሾፌር ወሬ እየጠየቀ ይንቀሳቀሳል። ወሬ እንደገና የመንገድ ዋጋ ሆነች።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም ህዳሴ ግድብ ተመረቀ። አሥራ አራት ዓመት ሲሚንቶ ያመላለሱት መኪኖች በዚያ መስመር የሚያድሩበት ምክንያት አለቀ። የቀሩት የማዳበሪያ፣ የበቆሎና የዘይት መኪኖች ናቸው፤ ማዳበሪያው ከጂቡቲ ወደብ ተነስቶ ለምዕራብ ጎጃም እርሻ የሚመጣ ነው፣ በቆሎው ወደ መሐል አገር የሚወርድ። ሾፌሩ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ ስለ አልጋው ከመጠየቁ በፊት የሚጠይቀው ሌላ ነው። ግቢው ተሳቢውን ያስገባል ወይ? ዘበኛው ሌሊት ይነቃል ወይ? ውሃ አለ? ዋጋውን አራተኛ ላይ ያነሳል፤ አምስተኛ ላይ ደግሞ ነገ ጠዋት ወደ ደጀን የሚወርደው መንገድ ክፍት መሆኑን የነገረው ሰው ካለ ባለቤቱን ይጠይቃል።